የዛገ መኪና ከሥሩ ለመጠገን ሲነሣ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች፣ በዙሪያቸውም ባሉት ወረዳዎች ለሚገኙ ሹማምንትና ባለንብረቶች

የእርሻ ሥራ በማሳ ላይ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ገበሬው ያመረተው እህል፣ ያደረቀው በርበሬ፣ ያደለበውም ከብት ገበያ ካልደረሰ ድካሙ ሁሉ ከመንገድ የቀረ ይሆናል። ምርቱን ከማሳ ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያውንና ምርጥ ዘሩንም ከመጋዘን ወደ ማሳ የሚያደርሰው መኪና በመሆኑ፣ የመኪና ጥገና ነገር ለጋራዥ ሰዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ይልቁንም ያረጀና የዛገ መኪና በክሪክ ተነሥቶ ሰው ከሥሩ ገብቶ በሚሠራበት ጊዜ ጥቂት ቸልተኝነት የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ስለ ሆነ፣ ሕዝብ የሚያስተዳድሩና ሠራተኛ የሚያሠሩ ሁሉ ይህ ሥራ በምን ዐይነት ሥርዐት እንደሚፈጸም ሊያውቁት ይገባል።

ስለ አገሩና ስለ መኪኖቹ ሁኔታ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ከዋናው ከተማ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ቡታጅራ ደግሞ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሶዶ በሚያልፈው መንገድ ላይ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ተቀምጣለች። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በተመሠረተበት ዘመን የጉራጌ ምድር በሁለት ዞኖች ተከፍሎ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ብትሆንም፣ ሁለቱ ከተሞች በንግድም በመንገድም አንድ ዐይነት ኑሮ አላቸው። ከሁለቱም ቆጮ፣ ጫት፣ የማረቆ በርበሬና የባሕር ዛፍ አጣና እየተጫነ ይወጣል፤ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ጨው እየተጫነ ይገባል።

የአገሩ ሕዝብ ስለ መንገድ ጥቅም ሌላ እንዲመክረው የሚያስፈልገው አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት የጉራጌ ልጆች በአዲስ አበባና በየጠቅላይ ግዛቱ ነግደው ካገኙት ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ማኅበር በማቋቋም፣ ትውልድ አገራቸውን ከዋናው ከተማ ጋር የሚያገናኝ መንገድ እንዲሠራ ማድረጋቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ መንገዱን በገንዘቡ ያሠራ ሕዝብ፣ በመንገዱ የሚመላለሰውን መኪና የሚጠግነው ልጁ በጥንቃቄ ጉድለት እንዳይሞትበት ማሰብ ከዚያው በጎ ሥራ የሚቆጠር ነው።

በአሁኑ ጊዜ ነገሩን የሚያከብደው የመኪኖቹ ማርጀት ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። ስለዚህ ቀድሞ ይጣል የነበረው አሮጌ መኪና ዛሬ ላሜራ እየተለጠፈበትና ሻንሲው እየተበየደ ይሠራል። ዓመታዊውን ምርመራ አልፎ ቦሎ ለማግኘትም ባለመኪናው በየዓመቱ ከሥሩ ያስጠግነዋል። ከሁሉ ይልቅ ጥገናው የሚበዛው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በነሐሴና በጳጉሜን ነው፤ መስከረም 17 ቀን የሚከበረው የመስቀል በዓል ሲቃረብ በየከተማው ያለው ተወላጅ ወደ አገሩ ስለሚጎርፍ፣ ባለመኪናው ሁሉ መኪናውን ለዚያ ገበያ ለማድረስ ይቻኮላል። ዝናብ፣ ጭቃና ጥድፊያ በአንድነት የሚገናኙት በዚያ ወራት ነው።

ዝገት ምን እንደ ሆነና የት እንደሚደበቅ

ብረት ውሃና አየር በአንድነት ሲያገኙት ይዝጋል፤ ጨው ወይም ኮምጣጣ ነገር ሲጨመርበት ዝገቱ ይፈጥናል። በዚህ አገር መኪና የሚጭነው ነገር ራሱ ብረትን የሚበላ ነው። ከማዳበሪያ ከረጢት የሚራገፈው ብናኝ እርጥበት ሲነካው እንደ ጨው ውሃ ይሆናል፤ ቆጮ ተብላልቶ የሚዘጋጅ ስለ ሆነ ከእርሱ የሚንጠባጠበው ውሃ ኮምጣጣ ነው፤ የከብት ሽንትም ከጣውላው ሥር እየወረደ ሻንሲውን ያርሰዋል። በሐምሌና በነሐሴ የሚለጠፈው ጭቃ በሻንሲው ቦይ ውስጥና በባሌስትራው መያዣ ዙሪያ ተጠቅጥቆ ለብዙ ቀን እርጥበት ይዞ ይቆያል። ከላይ ፀሐይ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በመኪናው ሥር ግን ገና ክረምት ነው ማለት ይቻላል።

ዝገት የሚያታልልበት መንገድም አለው። ዝገቱ ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ፣ የዛገ ላሜራ ከውጭ ሲታይ ያበጠና የወፈረ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን በወፈረበት ስፍራ ጉልበቱ የለም። እንዲሁም ከሥር የተቀባው ጥቁር ቀለም ወይም ሬንጅ ከውጭ አሳምሮ ሲታይ፣ ከውስጡ ያለው ብረት እንደ ወረቀት ሳስቶ ሊገኝ ይችላል። ክሪክ በእንዲህ ያለው ቦታ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ብረቱ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፤ ከዚያ በኋላ በድንገት ተቀድዶ መኪናው ይወድቃል። አደጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ክሪኩ ደካማ ሆኖ ሳይሆን፣ ክሪኩ የነካው ብረት ቀድሞ የሞተ ስለ ሆነ ነው።

ከማንሣት በፊት ስለሚደረገው ምርመራ

መኪናው ገና በአራቱም ጎማው ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ በውሃ ታጥቦና በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ሊታይ ይገባል። ክሪክ ሊያርፍበት የታሰበውን ስፍራ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል፣ ቅርፊቱም ይራገፋል። ከዚህ በኋላ በካቻቢቴ ጫፍ በርታ አድርጎ መጫን ነው። ከገባ ወይም ከሰረጎደ በዚያ ስፍራ ፈጽሞ ክሪክ አይተከልም።

በዚህ ነገር ሁለት ዐይነት መኪኖችን መለየት ያስፈልጋል። የጭነት መኪኖች፣ እንደ ላንድ ክሩዘርና ሃይሉክስ ያሉትም ባለ ፒክአፕ መኪኖች፣ አካላቸው በተለየ ወፍራም ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ በሆነው የሻንሲ ክፍል ወይም የኋላ ጎማዎችን በያዘው አክስል ሥር ሊነሡ ይችላሉ። ትንንሾቹ የቤት አውቶሞቢሎችና ብዙዎቹ ሚኒባሶች ግን የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ራሱ የተጣጠፈው ላሜራ ነው። በእነዚህ ፋብሪካው ለክሪክ ያዘጋጀው ስፍራ ከበሩ በታች ያለው ጠርዝ ሲሆን፣ ቀድሞ የሚዝገውም እርሱ ነው። ያ ጠርዝ የተበላ ከሆነ የጎማው ክንድ ከአካሉ ጋር በሚያያዝበት ጠንካራ ስፍራ ሥር ወፍራም ጣውላ አግብቶ ክብደቱን ማከፋፈል ይሻላል። በሞተሩ የዘይት ኮፓ፣ በካምቢዮው ወይም በነዳጁ ማጠራቀሚያ ሥር ግን ክሪክ ማድረግ የተከለከለ ነው።

ስለሚቆምበት መሬትና ስለ ታኮ

ስፍራው ደልዳላና ጠጣር መሆን አለበት። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ወለል ባይገኝ፣ በክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ሊነጠፍ ይገባል። ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ይገለጣል። በአንድ ክሪክ ላይ 1,000 ኪሎ ክብደት ቢያርፍ፣ የክሪኩም እግር ስፋት 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር መሬት 10 ኪሎ ይሸከማል። ከሥሩ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ቢነጠፍ ግን ያው ክብደት ተበትኖ ለአንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ1 ኪሎ በታች ይሆናል። የክረምት መሬት 10 ኪሎውን አይችልም፤ ክሪኩ ወደ አንድ ጎን ይሰምጣል፣ መኪናውም ከእርሱ ጋር ያዘነብላል።

ጭነት ሁሉ አስቀድሞ መውረድ አለበት፤ ሰውም በመኪናው ውስጥ አይቀመጥም። የማይነሡት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዛሉ። ታኮው የተጠረበ የእንጨት ሽብልቅ ቢሆን መልካም ነው፤ ክብ ድንጋይ ራሱ ስለሚንከባለል ታኮ ሊባል አይችልም።

ብዙ ሹፌሮች «የእጅ ፍሬን ይዣለሁ» በማለት ታኮውን ይተዉታል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። በብዙ ቀላል የጭነት መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኀይል የሚያደርሰውን ዘንግ ነው። እንዲህ ባለው መኪና ከኋላ ጎማዎች አንደኛው ከመሬት ሲነሣ፣ የተነሣው ጎማ በአየር ላይ ወደ ኋላ ሲዞር ሌላው መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት ሊዞር ይችላል፤ ዲፈረንሻሉ ይህን ይፈቅዳልና። ዘንጉ ታስሮ ሳለ መኪናው ይሄዳል ማለት ነው። በቤት አውቶሞቢሎችም የእጅ ፍሬኑ አብዛኛውን ጊዜ የኋላዎቹን ጎማዎች ብቻ ስለሚይዝ፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተነሡ ጊዜ መኪናውን የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ታኮ የፍሬን ረዳት ሳይሆን ዋናው መያዣ እንደ ሆነ ይቈጠር።

ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም

የዘይት ክሪክ የሚሠራው በፈሳሽ ግፊት ሕግ ነው። በትንሿ ፒስተን ላይ የተደረገው ግፊት በዘይቱ በኩል ወደ ትልቁ ፒስተን ይተላለፋል፤ የትልቁ ስፋት የትንሿን 20 እጥፍ ቢሆን ኀይሉም 20 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ጥበብ አንድ ሰው በክንዱ የጭነት መኪና ያነሣል። ነገር ግን ያን ሁሉ ክብደት ወደ ላይ የያዘው በጎማ ማኅተም የታገደ ጥቂት ዘይት ነው። ማኅተሙ ቢበላ ወይም አሸዋ ቢገባበት ዘይቱ ያፈተልካል፤ ክሪኩ አንዳንድ ጊዜ ቀስ እያለ፣ አንዳንድ ጊዜም ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ማንም ቤት ሠሪ ጣራውን ሰው በትከሻው ተሸክሞለት ከሥሩ አይተኛም፤ ምሰሶ ያቆምለታል እንጂ። ክሪክ ትከሻ ነው፤ ምሰሶው ሌላ ነው።

ስለዚህ ክሪኩ የሚያነሣው ክብደት ከተጻፈበት የቶን ልክ በጣም ያነሰ መሆኑ ተረጋግጦ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይነሣ። አንዱ ጎን ሲነሣ መኪናው እንደ በር ቅስት ሠርቶ ስለሚዞር፣ ቀጥ ብሎ የተተከለው ክሪክ በመካከሉ ሊያዘነብል ይችላል፤ ያዘነበለ እንደ ሆነ ወርዶ እንደ ገና ይተከላል። የጎማው ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ ሳለ በጥቂቱ ይላላሉ፤ ከተነሣ በኋላ እነርሱን በኀይል ማላላት መኪናውን ይወዘውዘዋልና።

መኪናው ከተነሣ በኋላ እግሩ ሰፊ የሆነ የብረት መደገፊያ በቀኝና በግራ እኩል ቁመት ኖሮት ጤነኛ በሆነው ብረት ሥር ይገባል። ክሪኩ ቀስ ተደርጎ ሲለቀቅ ክብደቱ በመደገፊያዎቹ ላይ ያርፋል። ሻንሲው የሚያጠራጥር ከሆነ መደገፊያዎቹን በአክስሉ ሥር ማድረግ ይበልጣል። ከዚያም ማንም ሳይገባ መኪናውን ከጎን ሆኖ ገፋ ገፋ አድርጎ መሞከር ነው፤ የሚወዛወዝ ወይም የሚያቃስት ከሆነ እንደ ገና ይስተካከል። በመጨረሻም ክሪኩ ነካ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፤ የወለቀውም ጎማ በሻንሲው ሥር ተጋድሞ ይቀመጣል። የመጀመሪያው መደገፊያ ቢከዳ ጎማው ለሰው ሕይወት የሚበቃ ክፍተት ያስቀራል።

የብረት መደገፊያ ባይገኝ፣ በአራት ማዕዘን የተጠረበ ደረቅ የባሕር ዛፍ ግንድ ሁለት ሁለት እየሆነ በመስቀልያ መደርደር ይቻላል፤ ነገር ግን የክምሩ ቁመት ከወርዱ እንዳይበልጥ። ያልተጠረበ ክብ አጣና ይንከባለላል፤ እርጥቡም ያንሸራትታል። ከሁሉ የከፋው ብሎኬት ነው። ብሎኬት ለግድግዳ የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ነው፤ ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት አስቀድሞ ሳይታጠፍና ምልክት ሳያሳይ ባንድ ጊዜ ይፈርሳል። በየመንገዱ ዳር በብሎኬት ላይ የቆመ መኪና ሲታይ፣ የሚያልፈው ሹም ቆሞ ሊከለክል ይገባዋል።

በሥራ ላይ ሳለ ስለሚመጣው አደጋ

የዛገ ብሎን በቀላሉ አይፈታም። ሠራተኛው በመፍቻው ላይ ቧንቧ ጨምሮ በሙሉ ጉልበቱ ሲስብ፣ ብሎኑ ቢበጠስ ወይም ድንገት ቢለቅ መኪናውን ወደ ጎን ይነቀንቀዋል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ዘይት እየቀቡ ማሳደር፣ ካልሆነም ዳዶውን በመጋዝ መቁረጥ ይሻላል። በአቅራቢያው ዘይት፣ ነዳጅ ወይም ሬንጅ ካለ በእሳት ማጋል አይገባም። ከሥር የሚበየድ ከሆነ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ የነዳጁ ማጠራቀሚያና ቧንቧው ይራቅ፤ አሸዋና የእሳት ማጥፊያም በአጠገብ ይሁን። የዝገት ቅርፊት ዐይን ስለሚያሳውር መነጽር ማድረግ የግድ ነው።

በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ መኪና አቁሞ ከሥሩ መሥራት የክሪክን አደጋ ያስቀራል። ሆኖም ጉድጓዱ በግንብ ያልተያዘ ከሆነ በክረምት ይናዳል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ይጠራቀማል፤ በዚያ ሲጋራ፣ ክብሪት ወይም ኩራዝ ማብራት ሰውንም ጋራዡንም ያቃጥላል።

ለትራክተር የሚደረገው ጥንቃቄ የተለየ ነው። የብዙ ትራክተሮች የፊት አክስል በመካከሉ ባለ አንድ ማጠፊያ ላይ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፤ ከፊት ሲነሣ አካሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከማንሣት በፊት በአክስሉና በአካሉ መካከል በሁለቱም ወገን የእንጨት ሽብልቅ ይገባል። ማረሻውም ወደ መሬት ይወርዳል። ገልባጭ መኪናም ሳጥኑ ተነሥቶ ከሥሩ የሚሠራ ከሆነ በወፍራም ብረት ወይም ግንድ ሳይደገፍ ማንም እጁን አያስገባ።

ማንም ሰው ብቻውን ከመኪና ሥር አይግባ። መኪና በደረቱ ላይ ያረፈበት ሰው አጥንቱ ባይሰበር እንኳ መተንፈስ ስለማይችል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። በአጠገቡ ያለው ሰው እግሩን ይዞ ለመጎተት ከመታገል ይልቅ፣ ወዲያው ሌላ ክሪክ በጤነኛ ስፍራ ተክሎ ማንሣት፣ በተነሣ ቁጥርም ከሥሩ እንጨት እየጨመረ መደገፍ፣ ሌላ ሰው ደግሞ አምቡላንስ እንዲጠራ ማድረግ አለበት። ስለዚህ አንድ ትርፍ ክሪክ ሁልጊዜ በአጠገብ ይኑር።

ሹማምንትና ባለንብረቶች ሊፈጽሙት ስለሚገባው

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ በብዙ ወጪ የሚፈጸም አይደለም። አስቸጋሪው ጥድፊያው ነው። ሹም ለስብሰባ፣ ነጋዴ ለገበያ ሲቸኩል ሹፌሩን «ቶሎ በል» ይለዋል፤ ሹፌሩም ረዳቱን ያዘዋል፤ ረዳቱም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ያልጠና ልጅ ስለ ሆነ፣ እምቢ ለማለት ደፍሮ ሳይናገር በአንድ ክሪክ ሥር ይገባል። ትእዛዙ ከላይ ሲወርድ አደጋውም አብሮ ይወርዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በሩብ ሰዓት ጥድፊያ የተገኘ ትርፍ በአንድ ነፍስ አይለወጥም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና ስለ ሥራው አደገኛነት እንዲያስገነዝብ ያዛል። ስለዚህ፦

1ኛ/ መኪና ያለው መሥሪያ ቤትና ዩኒየን ሁሉ ቢያንስ ሁለት ጥንድ የብረት መደገፊያ፣ አራት ታኮና ሁለት ደኅና ክሪክ ይግዛ፤ በንብረት መዝገብም ይጻፍ።

2ኛ/ በየወረዳው መኪና መጠገኛ ግቢ አንድ መኪና የሚያቆም ሲሚንቶ የፈሰሰበት ደልዳላ ወለል ይሠራ።

3ኛ/ የከተማ ሹማምንት በመንገድ ዳር ያሉትን ጋራዦች በተለይ በነሐሴና በጳጉሜን እየዞሩ ይመልከቱ፤ በብሎኬት ወይም በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የሚሠራውን ያስቁሙ፤ ከመቅጣታቸውም በፊት ያስተምሩ።

4ኛ/ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ከመኪና ሥር እንዳይገቡ ይከልክሉ፤ ሙያውን ለመማር የሚፈልጉትን ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ይምሯቸው።

5ኛ/ ባለመኪና ሁሉ ማዳበሪያ፣ ቆጮ፣ ጨው ወይም ከብት ባራገፈ ጊዜ የመኪናውን ሥር ያሳጥብ፤ በክረምት መግቢያና መውጫም ሻንሲውን አስመርምሮ ፀረ ዝገት ቀለም ያስቀባ።

ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ከሁሉ ቀላል ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ በአንድ በርሜል ውሃ የሚለቅ ጭቃ ነገ በብየዳ የማይመለስ ቀዳዳ ይሆናል። የሻንሲው ጤንነት በተጠበቀ መጠን ሰው ከመኪና ሥር የሚገባበት ጊዜ ያንሳል። የግድ መግባት በሚያስፈልግበትም ቀን፣ መሬቱ ደልድሎ፣ ታኮው ተይዞ፣ መደገፊያውም ቆሞ ሲጠብቀው፣ ሠራተኛው ሥራውን ፈጽሞ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል።